ደብዳቤ ለልጄ፦ ቦታህ የት ነው?

ልጄ፣ እንደምን ከረምክ? እኛ ሜሪላንድ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ዳቦ ቆሎ ልኬልሃለሁ። ብቻህን እንዳትጨርሰው፤ ለቡድንህ ልጆችም አቅምስ።

ዛሬ የምጽፍልህ ይቅርታ ልጠይቅህ ነው። የቤዝቦል ክለቦች አዲስ ተጫዋች በሚመርጡበት ድራፍት ስምህ ሳይጠራ የቀረ ዕለት፣ "ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም" ብዬ ተረትኩብህ። አንተ ግን ሦስት ዛፍ ነበር የምትወጣው። አንድ ቀን ካቸር ሆነህ ከመቺው ጀርባ ኳስ ትቀበላለህ፣ በማግስቱ ሾርትስቶፕ ሆነህ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መሐል ትቆማለህ፣ ሰው ሲጎድል ደግሞ ሜዳው ዳር፣ አውትፊልድ። ዘመድ "ልጅሽ የት ቦታ ነው የሚጫወተው?" ሲለኝ ወሬ እቀይር ነበር። እግር ኳስ ቢሆን "አጥቂ ነው" ብዬ በተገላገልኩ!

ጀርመን የሄድክ ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ክለቡ የሚያሰልፈው የውጭ ተጫዋች የተወሰነ ነው አልከኝ። ታዲያ አንድ ቦታ ብቻ ከሚያውቅ፣ በጎደለበት ሁሉ የሚገባ ልጅ ይሻላቸዋል። በሳምንቱ መሐል የክለቡን ሕፃናት ታሠለጥናለህ፣ ቅዳሜና እሁድ ትጫወታለህ። ደመወዙን ግን ባናነሳው ይሻላል።

ቼክ አገር፣ ብርኖ የገባህ ዓመት ደግሞ ተናደድኩ። ጓደኞችህ ቀን ሥራ ውለው ማታ ልምምድ ይመጣሉ ስትለኝ፣ "ይሄ ምን ዓይነት ሊግ ነው?" አልኩ። ያኔ የኦንድሬ ሳቶሪያን ነገር ነገርከኝ። ሰውዬው ለቼክ ብሔራዊ ቡድን ኳስ ወርዋሪ፣ ፒቸር ሆኖ የተጫወተ ኤሌክትሪሺያን ነው። በ2023 የዓለም ቤዝቦል ክላሲክ ላይ፣ ቶኪዮ ውስጥ፣ ያንን የጃፓኑን ኮከብ ሾሄ ኦታኒን በስትራይክ፣ መምታት አቅቶት፣ አስወጣው። ያውም በዝግታ በምትሄድ ኳስ! የዚያን ጊዜው የቡድኑ አሠልጣኝ ፓቬል ሀዲምም የነርቭ ሐኪም ነው። ኦታኒም በኋላ የቼክን ኮፍያ አድርጎ ማያሚ ወረደ። ቪዲዮውን ስንቴ እንዳየሁት አትጠይቀኝ።

አሁን ያለህበት ሆላንድ ግን ሌላ ነው። በ2011 ኩባን 2 ለ 1 አሸንፈው የዓለም ዋንጫ የወሰዱ ናቸው። በሆላንድ ሥር ካለችው የካሪቢያን ደሴት፣ ከኩራሳዎ የመጡት ልጆች ኳሷን ከእናት ጡት ጋር የጠቧት ነው የሚመስሉት። እነሱ መሐል መሰለፍ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ማለዳ ቡናዬን አፍልቼ በስልክ አየሁህ። ሦስተኛ ቤዝ ላይ ጀመርክ። ከዘጠኙ የጨዋታው ዙሮች አምስተኛው ኢኒንግ ላይ ካቸሩ ተጎዳና ጭንብሉን አጥልቀህ በቦታው ገባህ። መጨረሻ ላይ ፒቸር አለቀባቸውና እንድትወረውር አንተኑ አወጡህ! የመጀመሪያዎቹን ሁለት መቺዎች በነፃ ወደ ቤዝ ስትለቃቸው ስኒዬን አስቀምጬ ተነሳሁ። "እመቤቴ፣ ድረሽለት" እያልኩ ሳሎኑን ዞርኩት። ሦስተኛውን ስታስወጣው እልል ብዬ እህትህን ከእንቅልፏ ቀሰቀስኳት። እስካሁን አኩርፋኛለች።

ግን አንድ ነገር አይቻለሁ። ጭንብሉን ስታወልቅ ቀኝ እጅህን ወደ ኋላ ደበቅክ። ጣትህ ነው አይደል? "ደህና ነኝ" የምትለዋን ነገር ተዋት። ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፤ ፕላስተሩን ፈተህ።

እናትህ