ለትወና ተማሪዎች፦ ስለ ግቢ ኪራይና ስለ ድምፅ

ለተከበረው ዝግጅት ክፍል፤

የትወና ሁለተኛ ዲግሪ ሊጀምሩ ሐዋሳ ቤት የሚከራዩ ልጆችን ከአከራይ ጋር በቶሎ የሚያጋጫቸው የድምፅ ልምምድ ነው። ተማሪዎች፣ ቀብድ ሳትከፍሉ ልምምድ እንዳለባችሁ ለአከራዮቹ ንገሯቸው፤ ሰዓቱንም አብራችሁ ቁረጡ። ከእንቅልፍ ተነስቶ መጮኽ የድምፅ አውታርን ይጎዳል። መጀመሪያ በጀርባ ተኝቶ 5 ደቂቃ መተንፈስ፣ ቀጥሎ ከንፈር ገጥሞ 10 ደቂቃ ማንጎራጎር፣ ንግግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ድምፃችሁ ከ3 ሳምንት በላይ ከጎረነነ ከአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ለትወና የሰውን እንቅስቃሴ ለማጥናት ከአሞራ ገደል፣ ከሐይቁ ዳር የዓሣ ገበያ፣ የተሻለ ቦታ የለም። ዓሣ የሚበልተውን ሰው የእጅ አንጓ ተመልከቱ፤ ቢላዋው ከጅራት ወደ ራስ ቅርፊቱን ሲፍቅ ትከሻው እምብዛም አይነቃነቅም። ጀማሪ ተዋናይ ይህን ሥራ ሲያስመስል ትከሻውን ያወዛውዛል፤ ውሸቱ እዚያ ላይ ይታያል። ሳያስፈቅዱ በስልክ መቅረጽ ግን ነውር ነው። አስቀድማችሁ በሲዳምኛ «ኬሬ» (ሰላም) በሉ፣ ዓሣም ግዙ።

የትወና አሠልጣኞች፣ ከሐዋሳ