የፊልሙን ባለሱቅ ዘላችሁት አለፋችሁ

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰላም ናችሁ? ባለፈው ፊልም ገጻችሁ ላይ ስለ ዘ ፐርጅ ሦስተኛው ክፍል የወጣውን አነበብኩት፣ ጥሩ ነው፣ ግን ጸሐፊው የገዳዮቹን ጭምብልና ሴናተሯን ሲያሳድድ ዋናውን ሰውዬ፣ ባለሱቁን ጆን ረሳው። ላላያችሁት፣ አሜሪካ ውስጥ በዓመት አንዴ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ግድያም ሳይቀር ወንጀል ሁሉ ይፈቀዳል፣ ፖሊስ የለም አምቡላንስ የለም እሳት አደጋም አይመጣም። በዛች ሌሊት ቤተሰቧን ያጣች ሴናተር ይሄ ነገር ይቅር ብላ ለፕሬዝዳንትነት ስትወዳደር ገዢዎቹ በዛችው ሌሊት ሊያስገድሏት ይነሳሉ። የወጣው በፈረንጆቹ 2016 ነው፣ አሜሪካኖቹ ራሳቸው የምርጫ ግርግር ላይ እያሉ።

ጸሐፊው "ከኛ የራቀ ምናብ" ብሎ ዘጋው። ወንድሜ ደሴ መጥተህ ታውቃለህ?

እኔ ፊልሙን ያየሁት ለጆ ብዬ ነው ማለት ይቻላል። ጆ ሰፈር ውስጥ ትንሽ ምግብ መሸጫ ያለው ሰው ነው፣ ሌሊቷ አንድ ቀን ሲቀራት ኢንሹራንሱ ክፍያውን ይቆልልበታል፣ ከየት አምጥቶ ይክፈል፣ ስለዚህ ጠመንጃውን ይዞ ጣራ ላይ ይወጣል። ሊዘርፉት የሚመጡት ደሞ የሰፈሩ ልጃገረዶች ናቸው፣ ቸኮሌት ሲሰርቁ ይዟቸው ቂም የያዙበት። ይሄን የጻፈው ሰውዬ ሱቅ ነግዶ ያውቃል እንዴ ብያለሁ፣ ምክንያቱም ሱቅህን የሚሰብረው ሱቅህን የሚያውቀው ነው፣ ስኳሩ የት እንደሚቀመጥ አንተን አይጠይቅህም።

በሰሜኑ ጦርነት ጥቅምት 2014 መጨረሻ ታጣቂ ከተማችን ሲገባ እንደ ፊልሙ የጮኸ ሳይረን አልነበረም፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ያበቃል አብሽሩ የሚለንም አልነበረም፣ የኛ ሌሊት እስከ ኅዳር መጨረሻ ነው የሄደው። ሆስፒታሉም ተዘረፈ፣ ማለትም የፊልሙ ሆስፒታል ቢያንስ ጠዋት ይከፈታል። ሱቄ ሸዋ በር አካባቢ ነው፣ የላሜራውን በር በዲጅኖ ፈልቅቀው ዘይቱን፣ ፓስታውን፣ ሚዛኑን፣ ሼልፉን ከነብሎኑ ወስደውታል፣ ብሎን እየፈቱ ማለት ነው፣ ተረጋግተው! የተረፈኝ የዱቤ ደብተር ነው፣ መሬት ላይ ተዘርግቶ ገጹ ላይ የጫማ ሶል ታትሞበት፣ ሶሉ ስር የባለዕዳዎቹ ስም እስካሁን ይነበባል። ከነሱ ውስጥ አንዳንዶቹ ከዛ በኋላ መጥተው ሳልጠይቃቸው ከፍለውኛል፣ አንዳንዶቹ ደሞ መንገድ ላይ ሲያዩኝ ወደ ማዶ ይሻገራሉ፣ ለምን እንደሚሻገሩ እኔም እነሱም እናውቃለን።

ይሄን ስል ጥፋቱን ሁሉ ጎረቤት ላይ እየጫንኩ አይደለም፣ መሳሪያ የያዘው ነው በሩን የከፈተው። ግን ዝምታውም ይብቃን። ከሐረጎ ተራራ ወዲያ ኮምቦልቻ ላይ የዓለም ምግብ ፕሮግራም መጋዘኖች የተዘረፉ ጊዜ የተመድ ቃል አቀባይ የተናገረው ታጣቂዎችን ብቻ አልነበረም፣ አንዳንድ የአካባቢው ሰዎችም እንዳሉበት ሪፖርት መኖሩን ጨምሮ ነው፣ እሱንም ተከትሎ በሁለቱም ከተሞች የምግብ እደላው ቆመ። በዚህ የተጎዳው ያው ዘይትና ዱቄት ተሰልፎ የሚጠብቀው ነው። ፊልሙም ላይ ሴናተሯ የምትለው ይሄንኑ ነው፣ ሀብታሙ የብረት መዝጊያ ገዝቶ እራቱን ይበላል፣ ሌሊቷ የምትጨርሰው ደሃውን ነው።

አሁን ወደ ኢንሹራንስ ልመለስ፣ የጻፍኩላችሁም ለሱ ነው። ከተማው ከተረጋጋ በኋላ ውሌን ይዤ ሄድኩ፣ የእሳትና የስርቆት ብለው በየዓመቱ የሚቀበሉኝ ነው፣ ልጅቷ ትሁት ናት ሻይም ጋብዛኛለች፣ ከዛ ገጹን ገልጣ ጣቷን አንድ መስመር ላይ አሳረፈች፣ ጦርነት አመጽና ሕዝባዊ ሁከት አይሸፈንም ይላል፣ ፊደሉ ጉንዳን አይነት፣ ማህተሙ ደሞ ግማሹ ላይ አርፎበታል። የፖለቲካ ሁከትና ሽብር የሚባል ለብቻው የሚገዛ ሽፋን አለ አሉኝ፣ እውነት ነው አለ፣ ግን ሲያስፈርሙኝ የነገረኝ ሰው የለም ወላሂ። የጆ ኢንሹራንስ እንኳን ክፍያው መጨመሩን ሌሊቷ ሳትገባ ነግሮታል፣ እኔ የሰማሁት ሼልፉ ከሄደ በኋላ ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለፊልም ገጹ ሳይሆን ለቢዝነስ ገጻችሁ ነው። ኢንሹራንሶቹን ጠይቁልን፣ ያ ሽፋን ለደሴና ለኮምቦልቻ ትንሽ ሱቅ ይሸጣል ወይስ ለፋብሪካ ብቻ ነው? አረቦኑስ፣ ማለትም የሚከፈለው፣ ስንት ነው? ወረቀቱስ ለምን ነጋዴው በሚገባው ቋንቋና በሚታይ ፊደል አይጻፍም? መልሱን ስታወጡ በትልቁ አውጡት፣ እዚህ ሰፈር ጋዜጣ አንድ ቅጂ ለብዙ ሰው ነው የሚነበበው፣ ሱቄ ግድግዳ ላይ እለጥፈዋለሁ።

ፊልሙን ለማየት ያሰባችሁ ደሞ ልጆች ካሉ አትክፈቱት፣ ደም በደም ነው።

አንባቢያችሁ፣ ከሸዋ በር ደሴ