ጠፋን እኮ!

ይድረስ ለማልረሳት ጓደኛዬ፣

ለጤናሽ እንዴት ነሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እኔም ጠፋሁ፣ አንቺም ጠፋሽ። መወቃቀሱን እንተወውና ወሬ ላውራሽ።

ያው እዚያው እንግሊዝኛ እያስተማርኩ ነው። መጋቢት 2012 በኮሮና ትምህርት ሲዘጋ የጀመርነው ኦንላይን ጨርሶ አልለቀቀንም። አሁንም የአንደኛ ዓመቶችን እንግሊዝኛ ከፊሉን በቴሌግራም ነው የምሰጠው። ዙም ሞክረን ነበር። ግማሹን ኔትወርክ ይቆርጠዋል፣ ግማሹ ፓኬጁ ያልቅበታል። መብራት ሲጠፋማ ተዪው።

ባለፈው ሴሚስተር መጨረሻ «ኦንላይኑን እንዴት አገኛችሁት?» አልኳቸው። «አሪፍ ነው ቲቸር!» አሉ ባንድ አፍ። መምህር ፊት ማን ከፋኝ ይላል? ስም ሳይጽፉ በወረቀት እንዲሞሉ አደረግኩ። ጉዱ የወጣው ያኔ ነው።

ከልባቸው የወደዱት ክፍል ውስጥ ትንፍሽ የማይሉት ናቸው። ታውቂያለሽ፣ በብዙ ክልል እስከ 6ኛ ወይም 8ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ተምረው፣ ቢዘገይ 9ኛ ሲገቡ ሁሉም ነገር እንግሊዝኛ ይሆንባቸዋል። አንዱ ሲሳሳት ደግሞ ክፍሉ ይስቃል። በቴሌግራም ግን ድምፁን ይቀዳል፣ ካልጣመው ያጠፋል፣ እንደገና ይቀዳል። አንዷ «ማንም ሳይስቅብኝ አወራሁ» ብላ ጽፋለች። ጎበዞቹ ግን ሰልችቷቸዋል። «ፒዲኤፍ መላክ ማስተማር ነው እንዴ?» ያለኝም አለ። እውነቱን ነው።

ዋናው ምሬት ኢንተርኔቱ ይሆናል ብዬ ነበር። እሱም አለ፤ የባሰው ግን «ድምፄን ልኬ መልስ አጣሁ» የሚለው ነው። መልስ ያገኘ፣ ኔትወርኩ እየተቆራረጠበትም ቢሆን ረክቷል። የዚያን ሁሉ ልጅ ድምፅ በምን ጊዜ ሰምቼ ልጨርስ?

ክፍል ኃላፊያችን «ተማሪዎች ረክተዋል» የሚል ሪፖርት ጽፎ ደስ ብሎታል። ለእኔ ግን አልተዋጠልኝም። በድምፅ ያንበለበሉት ልጆች ፊት ለፊት ሳናግራቸው ምላሳቸው ይተሳሰራል። ስለዚህ አሁን መጀመሪያ በስልክ ይቀዳሉ፣ ከዚያ ያንኑ ርዕስ ክፍል ውስጥ ሁለት ሁለት ሆነው ያወሩታል። ለጊዜው ያዋጣ ይመስላል።

አንቺ እዚያ አሜሪካ ቀኑን ሙሉ በእንግሊዝኛ ነው የምትውዪው። እስቲ ሥራ ቦታ ስለሚገጥምሽ ነገር አጠር ያለ ድምፅ ቀድተሽ ላኪልኝ፣ ለልጆቹ ላሰማቸው። ረጅም እንዳይሆን፣ ዳታ ይበላል! ልጆችሽን ሳሚልኝ።

የምትናፍቅሽ ጓደኛሽ