ጉዳዩ፦ ስለተቆረጠብኝ የቅርጫት ኳስ ጨዋታ አራተኛ ኳርተር

ለካሴት ግልበጣ ሱቃችሁ ሥራ አስኪያጅ

ጤና ይስጥልኝ። ደረሰኜ እናንተ ጋ ስላለ ከመጀመሪያው አልነሳም። ሦስት ጊዜ "ማክሰኞ ይምጡ" ተባልኩ፣ ሦስት ማክሰኞ ከባልቲሞር ነድቼ መጣሁ። እሱን ልለፈው። የምጽፈው ባለፈው ማክሰኞ ስለሆነው ነው።

ሁለቱን የቪዲዮ ካሴቶቼን የገለበጣችሁበትን ፍላሽ እዚያው ኮምፒውተራችሁ ላይ ከፈትኩት። የቅርጫት ኳስ ቡድኑ የአልባኒ ፓትሩንስ ጨዋታ ነው፣ እ.ኤ.አ. የ1990/91 ውድድር። ያኔ አብሮኝ ይኖር የነበረ ጓደኛዬ ከመቀመጫው የቀረጸው። ከጨዋታው አራት ክፍሎች ሦስተኛው ኳርተር አለቀ፣ ስክሪኑ ጠቆረ።

"የቀረውስ?" አልኩት የሱቃችሁን ልጅ።

ከስልኩ ቀና ሳይል፣ "ፋዘር፣ በ20 ምናምን እየመሩ ነው እኮ። ጨዋታው አልቋል። ቦታ እንዳይዝ ቆረጥኩት።"

አልቋል! በዚያ ሊግ ጨዋታ እንዲያ አያልቅም ነበር። ሲቢኤ በሚባለው በዚያ ሊግ አንድ ጨዋታ 7 የደረጃ ነጥብ ነበረው። 3ቱ ላሸነፈ፣ የቀሩት 4ቱ ደግሞ በየኳርተሩ ለበለጠ አንድ አንድ። በ20 እየመራህ አራተኛውን ኳርተር ከተበለጥክ አንዷ ነጥብ ሄደች። ስለዚህ ማንም ካፖርቱን አንስቶ አይወጣም። በጆርጅ ካርል የሚሠለጥነው ያ ቡድን በዚያ ዓመት መደበኛ ውድድር 50 አሸንፎ 6 ብቻ ነው የተሸነፈው። በሜዳው 28 ተጫውቶ 28ቱንም አሸንፏል። ልጁ የጣለው ከነዚያ የአንዱን መጨረሻ ነው።

ይህን በትዕግሥት አስረዳሁት። መልሱ፣ "ቡድኑ ራሱ የለም አይደል? ማን ያየዋል?"

አዎ፣ የለም። በ1992 ስሙን ቀየሩት፣ በ1993 ወደ ሃርትፎርድ ወሰዱት። በኋላ በስሙ ሌላ ቢቋቋምም የኔው ያ ነው። ባይፈርስማ ካሴት ይዤ እናንተ ጋ ምን አመጣኝ? ሄጄ አየው ነበር። ልጁ ደግሞ የሌከርስ ማሊያ ለብሷል። ለሌከርስ 5 ዋንጫ ያመጣው ፊል ጃክሰን ከቺካጎ ቡልስ በፊት አልባኒን ያሠለጥን እንደነበር፣ በ1984ም ሻምፒዮን እንዳደረገው ብነግረው፣ "እሺ ፋዘር" አለኝ። እንዴት ያለ "እሺ" እንደሆነ ያውቁታል።

ካነሳሁ አይቀር፣ ሁለተኛው ፋይል ላይ ያለው የሰው ሠርግ ነው። ሙሽሮቹን አላውቃቸውም። ኬክ እስኪቆረስ ድረስ አየሁት፣ ምናልባት ጨዋታው ይመጣል ብዬ። የኔ ሁለተኛ ካሴት ማን ቤት እየታየ ይሆን?

መጻፍ ስጀምር የምፈልገው አራተኛውን ኳርተር ብቻ ነበር። አሁን ግን ሁለቱም ካሴቶቼ በእጄ ይግቡ፣ ያለ ክፍያ እንደገና ሙሉውን ይገልበጡልኝ፣ የከፈልኩት 140 ዶላርም ይመለስልኝ። የፓርኪንጉንም ጨምሩበት። ልጁም ስልኩን አስቀምጦ ይቅርታ ይጠይቀኝ።

ማክሰኞ አልመጣም። እናንተ ደውሉ።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ