ከተከላው በኋላ ያለውም ይጻፍ

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

በየክረምቱ ስለ ችግኝ ተከላ ትጽፋላችሁ። ጥሩ ነው። ከተከላው በኋላ ስላለው ሥራ ግን እምብዛም አላነብም።

የሽሮ ሜዳ ሰፈራችን የአካባቢ ጥበቃ ማኅበር በየወሩ የንባብ ክበብ አለው። ቡና ይፈላል፣ ይነበባል፣ ክርክሩ ይጦፋል። በቅርቡ ያነበብነው ስለ ዋንጋሪ ማታይ ነበር። ኬንያዊቷ እ.ኤ.አ. በ1977 የግሪን ቤልት ንቅናቄን ስትጀምር፣ ችግኝ አፍልተው የሚተክሉት የገጠር ሴቶች አነስተኛ ክፍያ ያገኙ ነበር። ክፍያው ግን ለተተከለው ሳይሆን ለጸደቀው ችግኝ ነው! ይህ ነገር ሁላችንንም ነካን። አሁን እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን የወይራና የጽድ ችግኞች ተረክቧል። በበጋ ውሃ ያጠጣል፣ ከከብት ይጠብቃል። እንጦጦ ሥር ያደግን ሰዎች ዓይናችን የለመደው ባሕር ዛፍ ነው፤ ልጆቻችን አገር በቀሉንም በስሙ ሲጠሩ መስማት እንዴት ደስ ይላል!

እባካችሁ፣ እንዲህ ያሉ የሰፈር ዝግጅቶች የሚነገሩበት ትንሽ ዓምድ ክፈቱልን። የእኛ ቀጣይ ሥራ የወንዝ ዳር ጽዳት ነው። ጓንትና ጆንያ ከማኅበሩ ነው፤ ጎረቤት ሁሉ ይምጣ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከሽሮ ሜዳ