ጉዳዩ፦ የቅዳሜውን የክትባት ጥናት ክበብ ይመለከታል

ኅዳር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችንን እያቀረብን፣ የመጀመሪያው ሩብ ዓመት የውጤት ካርድ በዚህ ሳምንት በተማሪዎች እጅ ስለሚላክ ፈርማችሁ እንድትመልሱልን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ወደ ዋናው ጉዳይ እንለፍ። «ትምህርት ቤቱ በልጆቻችን ላይ ክትባት እየሞከረ ነው» የሚል ወሬ በወላጆች የቴሌግራም ቡድን ከተሰራጨ ወዲህ የጽሕፈት ቤታችን ስልክ ዕረፍት አላገኘም። በዚህ ግቢ ውስጥ ክትባት አይመረትም፣ አይሞከርም፣ አይሰጥም። ቅዳሜ ጠዋት በኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ያሉት ተማሪዎች፣ ኮምፒውተሮችና አንድ የባዮሎጂ መምህር ናቸው። መርፌ የለም። ባክቴሪያም ቢሆን ልጆቹ ከየቤታቸው በእጃቸው ይዘውት ከሚመጡት በስተቀር የለም።

ታዲያ ምን ይሠራሉ? የማጅራት ገትር አምጪው ባክቴሪያ ፕሮቲኖች ዝርዝር ለማንኛውም ሰው ክፍት በሆኑ ዓለም አቀፍ የመረጃ ቋቶች ውስጥ ይገኛል። ዝርዝሩ በፊደላት የተጻፈ መረጃ እንጂ ሕይወት ያለው ነገር አይደለም፤ ከስክሪን ወጥቶ ማንንም አይዝም። ተማሪዎቹ በኮምፒውተር ፕሮግራሞች እየታገዙ ለክትባት እጩ ሊሆን የሚችለው የትኛው እንደሆነ ለመለየት ፕሮቲኖቹን ያጣራሉ። ፕሮቲኑ የሰውነታችን መከላከያ ሊያየው በሚችልበት በባክቴሪያው ገጽ ላይ ነው ወይስ ውስጥ ተደብቋል? በተለያዩ የባክቴሪያው ዝርያዎች ላይ ሳይለዋወጥ ይገኛል? ከሰው ፕሮቲን ጋርስ ይመሳሰላል? የሚመሳሰል ከሆነ ይሰረዛል፤ መከላከያችን በገዛ አካላችን ላይ እንዲነሣ አንፈልግምና።

ባለፈው ቅዳሜ አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ኢኖሌዝ የተባለውን ፕሮቲን በባክቴሪያው ገጽ ላይ መገኘቱን አንብባ እንደ ጥሩ እጩ አቀረበችው። መምህሩ ምንም ሳይል ከሰው ፕሮቲን ጋር እንድታነጻጽረው ነገራት። ኢኖሌዝ ሴሎች ስኳርን ሰባብረው ኃይል ሲያወጡ የሚሠራ ስለሆነ እኛም አለን፤ የሁለቱ ፊደላት በብዙ ቦታ ሲገጣጠሙ ታዩ። ልጅቷ አኩርፋ ሰረዘችው። «አደገኛ ሙከራ» የተባለው ይህ ነው።

«ኮምፒውተር ክትባት አያገኝም፤ የልጆች ጊዜ ማባከኛ ነው» የምትሉ ወላጆች እንዳላችሁ እናውቃለን። ገና ባትሉንም ልትሉን ነው። የማጅራት ገትር ባክቴሪያ በርካታ ዓይነቶች አሉት። ለኤ እና ለሲ ዓይነት ከባክቴሪያው የስኳር ሽፋን ክትባት መሥራት ሲቻል፣ የቢ ዓይነት ሽፋን ግን በሰው ነርቭ ላይ ካለው ጋር ስለሚመሳሰል በዚያ መንገድ አልሆነም። በጣሊያን ሲዬና ከተማ ይሠሩ የነበሩት የክትባት ተመራማሪው ሪኖ ራፑኦሊና ባልደረቦቻቸው የባክቴሪያውን ሙሉ የዘረ መል ዝርዝር ይዘው በኮምፒውተር ፈተሹት። እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት ከ2 ሚሊዮን በላይ ፊደላት ካሉት ዝርዝር ውስጥ ብዙ መቶ እጩ ፕሮቲኖችን ለዩ፤ 350ዎቹን በላቦራቶሪ አምርተው በአይጦች ላይ ሞከሩ። ከዚያ የተገኙ ፕሮቲኖች የገቡበት ክትባት በአውሮፓ የተፈቀደው በ2013 ነው። ከጥናቱ ኅትመት እስከ ፈቃዱ 13 ዓመት! ኮምፒውተሩ ላቦራቶሪውንም ሐኪሙንም አልተካም፤ የት መፈለግ እንዳለበት አሳየ እንጂ። ልጆቻችሁ በሰኔ ክትባት ይዘው ይወጣሉ ብለን ለማንም ቃል አልገባንም፤ የገባ መምህር ካለ ስሙን ንገሩን።

«ለምን ሌላ በሽታ አልመረጣችሁም?» ይባል ይሆናል። ኢትዮጵያ ከሴኔጋል ጀምሮ በሚዘረጋው፣ በሽታው ደጋግሞ በሚነሣበት የማጅራት ገትር ቀበቶ ምሥራቃዊ ጫፍ ላይ ናት፤ ወረርሽኙም የሚበረታው በደረቁ ወራት፣ ማለትም አሁን በጀመርነው በጋ ነው። ለኤ ዓይነት በተሠራው ክትባት ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአገራችን በዘመቻ ብዙ ሕዝብ ተከትቧል፤ ከእናንተም ከልጆቻችሁም መካከል የተከተቡ ይኖራሉ። ባለፈው ዓርብ፣ ኅዳር 12፣ በየደጃፋችን ቆሻሻ ሰብስበን ስናጥን የዋልነውም በ1911 ዓ.ም. ስንቱን የፈጀውን የኅዳር በሽታ እያሰብን ነው። ጢሱን ሳይፈራ የዋለ ወላጅ የፊደላት ዝርዝር ሲፈራ ማየት፣ ይቅርታ ይደረግልንና፣ ይገርማል።

ፈተናን በተመለከተ፦ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በክበቡ ውስጥ የሉም። «የ11ኛ ክፍሉም ነገ ይፈተናል» ለምትሉን፣ ፕሮቲንም ሴልም ዘረ መልም በፈተናው ውስጥ ያሉ ርዕሶች ናቸው። የብሔራዊ ፈተናው ራሱ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለተወሰኑ ተማሪዎች በበይነ መረብ እየተሰጠ ነው፤ ልጃችሁ ኮምፒውተር ፊት የሚቀመጥበት የመጀመሪያ ቀን የፈተናው ቀን እንዲሆን እንደማትፈልጉ እንገምታለን። ክፍያን በተመለከተ ደግሞ ክበቡ ነፃ ነው። ፕሮግራሞቹም የመረጃ ቋቶቹም በነፃ የሚገኙ ናቸው፤ በዚህ ዓመት የተጨመረው ወርሃዊ ክፍያ ከክበቡ ጋር አይገናኝም፤ ስለ እርሱ በመስከረም ተነጋግረናል፣ ደግመን አንነጋገርም።

ልጃችሁ እንዲወጣ ከፈለጋችሁ መብታችሁ ነው፤ ማንም አይከለክልም፣ ማርክም አይቀነስም። ሆኖም በስልክ ወይም በሌላ ወላጅ በኩል የሚመጣ መልእክት አንቀበልም። ከዚህ ደብዳቤ ጋር የተያያዘው ቅጽ «ይቀጥል» እና «ይውጣ» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች አሉት፤ አንዱ ላይ ብቻ ምልክት አድርጋችሁ እስከ ዓርብ ላኩልን። አምና በሌላ ጉዳይ በላክነው ቅጽ ላይ ሁለቱም ሳጥኖች ተሞልተው የመጡ ነበሩ።

በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ወላጅ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ መጥቶ ከልጁ አጠገብ መቀመጥ ይችላል። ወንበር እንድናዘጋጅ እስከ ሐሙስ አስቀድማችሁ አሳውቁን።

ከሰላምታ ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር

ግልባጭ፦
ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት
ለባዮሎጂ ትምህርት ክፍል
ለጥበቃ ክፍል (ቅዳሜ ለሚመጡ ወላጆች በር እንዲከፈት)