ሮኬትሽ ለምን ይወዛወዛል? ደብዳቤ ለልጄ

የኔ ልጅ፣ እንደምን ሰነበትሽ?

ከርባል ስፔስ ፕሮግራም በሚባለው የሮኬት ጌም የሠራሽውን ሮኬት ቪዲዮ አየሁት። ሦስት ብርቱካናማ ታንኮች ተደራርበው፣ ገና ከመሬት ሲነሳ ወገቡ እንደ አለንጋ ይታጠፋል። «ስትራት (ሁለት ዕቃ አያይዞ የሚደግፍ ዘንግ) ጨምሪበት» የሚሉሽን ለጊዜው አትስሚያቸው፤ መጀመሪያ ቅርጹን አስተካክዪ።

ጌሙ ውስጥ ታንኩ ራሱ አይታጠፍም። የሚታጠፈው መጋጠሚያው ነው፣ እንደ ስፕሪንግ ስለሚሠራ። ከታች ሞተሩ ይገፋል፣ ከላይ ጭነቱ ይጫናል፤ መሃል ያለው ታንክ እንግዲህ ኮለን (ምሰሶ) ነው። ውፍረቱ ሳይለወጥ ርዝመቱ እጥፍ የሆነ ኮለን ሳይጎብጥ የሚችለው ጭነት ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህ አሳጥሪው፣ አወፍሪው። ብርቱካናማው ታንክሽ፣ 2.5 ሜትር ስፋት ያለው ጃምቦ-64፣ የሚይዘው 32 ቶን ነዳጅ ነው፤ 3.75 ሜትር ስፋት ያለው ኤስ3-14400 ታንክ በተቀራራቢ ቁመት 72 ቶን ይይዛል። ሁለቱን ጃምቦ በአንዱ ብትተኪ አንድ መጋጠሚያ ይቀንስልሻል፣ የቀረውም በስፋቱ ይጠነክራል። ክብደቱ ግን በ9 ቶን ይጨምራል፤ ሲነሳ የሞተሩ ግፊት ከሮኬቱ ክብደት 1.2 እጥፍ በታች ከሆነ ሞተሩን ቀይሪ።

ስትራት የሚያስፈልግሽ ለጎን ቡስተሮቹ (ለተጨማሪ ገፊ ሮኬቶቹ) ነው። እያንዳንዱ ዕቃ ከአንድ ወላጅ ዕቃ ጋር ብቻ ስለሚያያዝ ቡስተሩ በአንዲት ዲካፕለር (መገንጠያ ዕቃ) ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ግፊቱ ከዲካፕለሩ ውጭ ባለው መስመር ስለሚያልፍም ይጠመዝዘዋል፦ አፍንጫው ወደ መሃል ይዘማል፣ ሞተሩ ወደ ውጭ ይፈነገላል። ከላይ አንድ፣ ከታች አንድ ስትራት አድርጊ። በዘንጉ ዙሪያም የሚዞር ከሆነ የታችኛውን በሁለት ተክተሽ ከቡስተሩ ግራና ቀኝ ወደ ዋናው ታንክ በሰያፍ ሳቢያቸው። ሦስት ማዕዘን ካልተዘጋ አራት ጎን ምንጊዜም ይንሻፈፋል። ቡስተሩ ሲለቀቅ ስትራቱ አብሮ ይቆረጣል፣ አትስጊ።

አውቶስትራትም (ጌሙ ራሱ የሚያስረው የማይታይ ስትራት) አለ፤ ከሴቲንግ አድቫንስድ ትዊከብልስን ስታበሪ ዕቃው ላይ በቀኝ ክሊክ ይወጣል። «ግራንድፓረንት» የሚለውን ምረጪ፤ ዕቃውን ከወላጁ ወላጅ ጋር ያስረዋል። «ሄቪየስት» (ከከባዱ ዕቃ ጋር) ያልሽው እንደሆነ ነዳጅ ሲያልቅ ከባዱ ዕቃ ይለወጣል፤ በረራው መሃል ላይ ድጋፉ ቦታ ይቀይርብሻል።

ቪዲዮው ላይ ልብ ያልሽው አይመስለኝም እንጂ ውዝዋዜውን የሚያባብሰው ኤስኤኤስ (አቅጣጫውን በራሱ የሚያስተካክለው ሥርዓት) ነው። ጫፍ ላይ ያለችው ካፕሱል ትንሽ ስታዘነብል ሮኬቱ በሙሉ ያዘነበለ ይመስለዋል፤ የሞተሩን ጊምባል (አፉን ወደ ጎን የሚያዘነብለውን) ያዞራል፣ ሮኬቱ ይበልጥ ይታጠፋል፣ እሱም መልሶ ያርማል። የጊምባሉን ገደብ በግማሽ ቀንሺ። ካልበቃ ክብደቱ የሚያርፍበት መሃል አካባቢ ፕሮብ ኮር (ሰው አልባ መቆጣጠሪያ ዕቃ) አስገብተሽ መቆጣጠሪያው ከዚያ እንዲሆን አድርጊ። ያ ክፍል ከመገንጠሉ በፊት ግን መቆጣጠሪያውን ወደ ካፕሱሉ መመለስ አትርሺ።

ይህን ሁሉ አድርገሽም ከተሰበረ ኤፍ 3ን ተጫኚ። የትኛው መጋጠሚያ ቀድሞ እንደለቀቀ ከነሰዓቱ ይዘረዝርልሻል፤ የመጀመሪያውን መስመር ላኪልኝ፣ የቀሩት ተከታዮቹ ናቸው።

አባትሽ